ንጉሥ ኤተልበርት ያልተጠመቀበት ገንዳ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ ስለ ካንተርበሪ ከተማ ባወጣችሁት የጉዞ ጽሑፍ መካከል የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን የክርስትና ገንዳ ፎቶግራፍ ታትሞ፣ ከሥሩ «የኬንት ንጉሥ ኤተልበርት በ597 ዓ.ም. የተጠመቀበት ገንዳ» የሚል መግለጫ ሰፍሯል። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የቀረበና ቦታውን በዐይኑ ያየ ሰው እንዳዘጋጀው የሚያስታውቅ በመሆኑ በደስታ አንብቤዋለሁ። መግለጫውን ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልሁም። ትንሹን ላስቀድምና፣ 597 የተባለው ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሆኖ ሳለ «ዓ.ም.» ተብሎ በመጻፉ፣ በእኛ አቆጣጠር የሚያሰላ አንባቢ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይስታል። (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ትልቁ ጉዳይ ገንዳው ራሱ ነው፤ ንጉሡ ካረፈ አምስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ የተጠረበ ድንጋይ ስለሆነ፣ ኤተልበርት ሊጠመቅበት ከቶ አይችልም ነበር።

በጽሑፉ ውስጥ ትክክል የሆነውን መካድ አልፈልግም። የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ከካንተርበሪ የከተማ ቅጥር ውጭ በምሥራቅ በኩል የሚገኝ፣ በግድግዳው ውስጥ የሮማውያን ጡብ እስከ ዛሬ የሚታይበት፣ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም እስካሁን አገልግሎት ከሚሰጡት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በዕድሜ የሚቀድም ነው፤ በ1988ም ከካቴድራሉና ከቅዱስ አውግስጢኖስ ገዳም ፍርስራሽ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የኤተልበርት ሚስት ንግሥት በርታ የፍራንኮች ንጉሥ ልጅ ነበረች፤ ስትዳር ሃይማኖቷን እንድትጠብቅ ስምምነት ተደርጎ፣ ሊውድሃርድ የተባለ ጳጳስ አስከትላ ወደ ኬንት መጣች፤ ትጸልይ የነበረውም በዚህ ቤት ነው። በ597 የሮማው ፓፓ ታላቁ ጎርጎርዮስ የላከው መነኩሴ አውግስጢኖስ (ከሂፖው ሊቅ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው) ከባልንጀሮቹ ጋር ሲደርስ፣ ተሰብስበው ማገልገል የጀመሩት እዚያው ንግሥቲቱ ስትጸልይበት በነበረው ቤት ነበር። ኤተልበርትን ለጥምቀት ያበቃው የአውግስጢኖስ ስብከት ነው ብሎ መጽሐፍ ሁሉ ሲናገር፣ ከእርሱ በፊት ዓመታት ሙሉ በዚያ ቤት የጸለየችው ንግሥት ድርሻ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር መታለፉን እግረ መንገዴን ላንሣው።

የዚህ ሁሉ ዋና ምንጭ ቤዳ የተባለው መነኩሴ በ731 ያጠናቀቀው የእንግሊዝ ሕዝብ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው። ቤዳ መነኮሳቱ በቅዱስ ማርቲን ቤት መዘመር፣ መጸለይ፣ መቀደስ፣ መስበክና ማጥመቅ እንደ ጀመሩ በግልጽ ጽፏል፤ ስለዚህ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተጠምቀዋል ማለት ያስኬዳል። ንጉሡም አምኖ እንደ ተጠመቀ ጽፏል። የትና በየትኛው ቀን እንደ ተጠመቀ ግን አልተናገረም። ሁለቱን ቃላት አገናኝቶ «እንግዲያው ንጉሡ የተጠመቀው በቅዱስ ማርቲን ነው» ማለት ግምት ነው፤ ምናልባትም ጥሩ ግምት። ከዚያ አልፎ «የተጠመቀበትም ገንዳ ይኸውና» ማለት ግን ግምትን ማስረጃ አድርጎ በድንጋይ ላይ መለጠፍ ይሆናል። ትውፊቱ በአካባቢው ሲነገር የኖረ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ትውፊት ይነገር፣ ነገር ግን ትውፊትነቱ አብሮ ይጻፍ ነው የምለው።

ደግሞም በዚያ ዘመን አጠማመቁ ምን ይመስል እንደ ነበር እናስብ። በመጀመሪያው ትውልድ የሚጠመቁት በአብዛኛው አዋቂዎች ነበሩ፤ ብዙ ጊዜም የሚጠመቁት በአንድነት ነበር። ጎርጎርዮስ በ598 ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለአውሎጊዮስ በላከው ደብዳቤ፣ ባለፈው የልደት በዓል ከ10,000 በላይ እንግሊዛውያን መጠመቃቸውን ያበሥረዋል። (አውሎጊዮስ የመለካውያን፣ ማለትም የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቀበለው ወገን፣ ፓትርያርክ ስለ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያናችን ቀድሞ ጳጳሳቷን ታስመጣበት ከነበረው መንበር ጋር እንዳይምታታ።) ቁጥሩ ደስታ ያበዛው ሊሆን ይችላል፤ ግማሹ እንኳ እውነት ቢሆን ግን በአንዲት የድንጋይ ገንዳ የሚዳረስ ሕዝብ አይደለም። ቤዳ ስለ ሰሜኑ አገር ሲተርክም፣ ጳጳሱ ፓውሊኖስ በየቨሪንግ 36 ቀን ሙሉ ከጧት እስከ ማታ ሕዝቡን እያስተማረ በግሌን ወንዝ ሲያጠምቅ እንደ ሰነበተ፣ ወደ ደቡብ ሲወርድም በስዌል ወንዝ እንዳጠመቀ ይነግረናል፤ ምክንያቱን ሲገልጥ፣ በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያኒቱ ገና ጨቅላ ስለ ነበረች የጸሎት ቤትና የጥምቀት ቤት ማነጽ አልተቻለም ይላል። የኖርዘምብሪያው ንጉሥ ኤድዊን እንኳ በ627 የፋሲካ ዕለት የተጠመቀው በዮርክ ከተማ በጥድፊያ በተሠራ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከገንዳው በፊት የነበረው ወንዙ ነው፤ ድንጋዩ ኋላ የመጣ ነው።

እስኪ ራሱን ገንዳውን እንመልከተው። ከአንድ አለት የተፈለፈለ አይደለም፤ ጎን ለጎንና ደርብ በደርብ ከተገጣጠሙ ጥርብ ድንጋዮች የቆመ፣ እንደ በርሜል ክብ የሆነ ነው። ዙሪያውን እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ክቦችና፣ ከላይ በኩል ደግሞ አንዱ ሌላውን እያቋረጠ የሚሄድ የቅስት ረድፍ ተቀርጾበታል። ይህ የሚቋረጡ ቅስቶች ጌጥ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በካቴድራሎችና በገዳማት ግድግዳ ላይ በብዛት የታየ ነው፤ የጉዞ ጽሑፉ አቅራቢ ከቅዱስ ማርቲን ወጥቶ ወደ ካቴድራሉ ሲሄድ የምሥራቁን ክፍል የውጭ ግድግዳ ቀና ብሎ ቢያይ ኖሮ፣ ያንኑ ጌጥ በትልቁ ያገኘው ነበር። ሊቃውንቱ ገንዳውን በ12ኛው መቶ ዘመን የሚያስቀምጡት በዚህ የአጠራረብ ስልት ተመርተው ነው። እንዲያውም አንዳንዶቹ፣ ድንጋዮቹ መጀመሪያ የተጠረቡት ለክርስትና ገንዳነት ሳይሆን በካቴድራሉ ገዳም ለነበረ የውኃ ጕድጓድ አፍ መከለያ እንዲሆኑ ነው፤ ወደ ቅዱስ ማርቲን የመጡት ከዚያ በኋላ ነው የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። በዚያው መቶ ዘመን አጋማሽ ገዳሙ ሰፊ የውኃ መስመር እንደ ተዘረጋለት በሥዕል ሳይቀር ስለሚታወቅ፣ ሐሳቡ መሠረት የሌለው አይደለም። እውነት ከሆነ ደግሞ ይህ ገንዳ የንጉሥ ዘውድ የወረደበት መሆኑ ቀርቶ መነኮሳት ውኃ የቀዱበት ነበር ማለት ነው፤ እኔን ይህኛው ታሪክ የበለጠ ይማርከኛል።

እንግሊዝ ውስጥ ካሉት ጥንታውያን የክርስትና ገንዳዎች ብዙዎቹ ከዚሁ ከ12ኛው መቶ ዘመን የቀሩ መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድሞ የማጥመቅ መብት የነበራቸው ሰፊ ግዛት የሚያገለግሉ ዋና ዋና አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ፤ የመንደር ጌቶች በየርስታቸው ቤተ ክርስቲያን እያሳነጹ እነዚያም ወደ አጥቢያነት ሲያድጉ፣ ገንዳ መትከልና ሙታንን መቅበር መቻል የሙሉ አጥቢያነት ማረጋገጫ ሆነ። አንዲት መንደር ገንዳ አላት ማለት ልጆቿን ለማስጠመቅ የሌላ ደብር ደጅ አትጠናም ማለት ነበር። ስለዚህ ለገንዳው የማይሳሳ ገንዘብና ጥበብ ይወጣበት ነበር። ከእርሳስ ተቀልጠው የተሠሩት 30 ያህል ዛሬም አሉ። ከዛሬዋ ቤልጅየም፣ ከቱርኔ፣ በጥቁር ድንጋይ ተቀርጸው በባሕር የመጡ ሰባት ገንዳዎችም አሉ፤ የቅዱስ ኒቆላዎስ ተአምራት የተቀረጸበት የዊንቸስተር ካቴድራሉ ገንዳ ከእነርሱ አንዱ ነው። በሰሜን ምዕራብ፣ በከምበርላንድ የምትገኘው የብራይድከርክ አጥቢያ ገንዳ ደግሞ ጠራቢው ራሱን መዶሻና መሮ ይዞ የቀረጸበት ሲሆን፣ ሪካርዝ የተባለ ሰው እንደ ሠራውና በጥንቃቄ ወደዚህ ውበት እንዳደረሰው ሩን በተባለው የሰሜን አውሮፓ ጥንታዊ ፊደል የሚናገር ጽሑፍ አለበት። ንጉሥ ተጠመቀበት የተባለው የካንተርበሪ ድንጋይ የማንንም ስም አልያዘም፤ የገጠሩ ግን የሠሪውን ስም ይዞ ስምንት መቶ ዓመት አልፏል።

በእነዚህ ገንዳዎች ከንፈር ላይ ጎብኚ የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ብዙዎቹ በተቃራኒ ጎኖቻቸው ተሸርፈው ወይም የብረት ቁራጭ ተሰክቶባቸው ይታያሉ። ይህ የቁልፍ ጠባሳ ነው። የገንዳው ውኃ በየጥምቀቱ አይለወጥም ነበር፤ በትንሣኤና በጰራቅሊጦስ ዋዜማ ተባርኮ ለሳምንታት በውስጡ ይቀመጣል። የተባረከ ውኃ ደግሞ የሚፈልገው ብዙ ነው፤ ለከብት በሽታ፣ ለመስተፋቅር፣ ለሟርት እየተቀዳ ይወሰድ ነበር። በ1236 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ኤድመንድ ሪች ባወጣው ሥርዓት፣ ገንዳዎች ሁሉ ከድንጋይ ወይም ከሌላ ተስማሚ ነገር እንዲሠሩና ለጥንቆላ እንዳይውሉ ተከድነው እንዲቆለፉ አዘዘ። ክዳኑ ውኃውን ከአቧራ ከመጠበቅ ባሻገር እንዲህ ያለ ሥራ ነበረው። የብረት ማያያዣው ኋላ ሲነቀል ድንጋዩን ይዞ ስለ ወጣ ጠባሳው ቀረ። እኛ አገር ለጸበል ሲባል በጀሪካን የሚደረገውን ግፊያ ላየ ሰው፣ ሊቀ ጳጳሱ ምን አሳስቦት እንደ ነበር ማብራራት አያስፈልግም።

ክዳኑ በጊዜው የራሱ ጥበብ ሆነ። በሰፎክ አውራጃ በኡፈርድ አጥቢያ የሚገኘው የ15ኛው መቶ ዘመን የእንጨት ክዳን ቁመቱ 18 ጫማ ያህል ሲሆን እየሾለ ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ደረቷን እየወጋች ጫጩቶቿን በደሟ የምትመግብ የፔሊካን ወፍ አለች። በዚያው በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክና በሰፎክ፣ ስምንት ማዕዘን ኖሯቸው በሰባቱ ላይ ሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን፣ በስምንተኛው ላይ ብዙ ጊዜ ስቅለት ወይም የጌታ ጥምቀት የተቀረጸባቸው 40 ያህል ገንዳዎች ይገኛሉ። የብዙዎቹ ምስሎች ፊት ግን ተፈንክቷል፤ ይህን ያደረገው ዘመንም እርጅናም አይደለም።

የ16ኛው መቶ ዘመን የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መጀመሪያ የነካው ሥርዓቱን ነው። በ1549 የወጣው የጸሎት መጽሐፍ ሕፃኑ ሦስት ጊዜ እንዲነከር ያዝዝ ነበር፤ የ1552ቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል ሲል፣ ቅብዓቱንና ሰይጣንን የማስወጣቱን ጸሎት አስቀረ። ደካማ ለሆነ ሕፃን ውኃ ማፍሰስ ይበቃል የሚለው ፈቃድ በሁለቱም ውስጥ ነበር፤ ውሎ አድሮ ፈቃዱ ልማድ ሆኖ መንከሩ ቀረ። ልጆቻችንን በ40 እና በ80 ቀን ሙሉ ሰውነታቸውን በውኃ ለምናስጠምቅ ለእኛ፣ የድሮዎቹ የእንግሊዝ ገንዳዎች ስፋትና ጥልቀት እንግዳ አይሆንብንም፤ እንግዳ የሚሆንብን የ18ኛው መቶ ዘመን ገንዳ ነው፤ በቀጭን እግር ላይ የተቀመጠ ጎድጓዳ ሳሕን የሚያህል ሆኗልና።

ፒዩሪታን የሚባሉት ጥብቅ ተሐድሶ ፈላጊዎች ግን ገንዳውን ራሱን ጠሉት። በበሩ አጠገብ መቆሙ፣ ጥምቀት ወደ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ ነው የሚለውን የቆየ ትርጓሜ የሚከተል ነበር፤ እኛም ክርስትና ቤቱን ከመቅደሱ ለይተን የምንሠራበት ምክንያት ከዚህ አይርቅም። እነርሱ ግን ጥምቀት በሕዝቡ ፊት፣ በመስበኪያው ሥር፣ በተራ ሳሕን ይፈጸም አሉ። ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ገንዳዎች ከቦታቸው እንዳይነቀሉ አዘዘች፤ በ1604 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ቀኖና ደግሞ በ81ኛው አንቀጹ፣ ጥምቀት በሚፈጸምበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ የድንጋይ ገንዳ በጥንት ቦታው እንዲኖር ደነገገ። አንድ ትእዛዝ ደጋግሞ መውጣቱ፣ ደጋግሞ መጣሱን የሚያሳይ ይመስለኛል። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ፓርላማው በ1645 ያጸደቀው የአምልኮ መመሪያ ነገሩን ገለበጠው፤ ጥምቀት በሮማ ካቶሊክ ዘመን ገንዳዎች ያለ አግባብ ቆመውበት በነበረው ስፍራ እንዳይፈጸም ከለከለ። ያን ጊዜ ብዙ ገንዳ ተነቀለ፣ ተሰበረ፣ ተቀበረ። የሚገርመው፣ በ1643 እና በ1644 በምሥራቅ እንግሊዝ አጥቢያዎች እየዞረ መላእክትንና ሥዕላትን ሲያስፈርስ የከረመው ዊልያም ዳውሲንግ ወደ ኡፈርድ ሲደርስ፣ ያን ረጅም ክዳን በወርቅ የተለበጠ የሮማው ፓፓ ባለ ሦስት ድርብ ዘውድ ይመስላል ብሎ በማስታወሻው ከመጻፉ በቀር ሳያፈርሰው አልፏል። ዘውዳዊው መንግሥት በ1660 ሲመለስ፣ አጥቢያዎች አዳዲስ ገንዳ እየጠረቡ ዓመቱን ቀርጸውበታል፤ 1661፣ 1662፣ 1663 የሚል ገንዳ ዛሬ በየገጠሩ ይታያል።

ከተነቀሉት መካከል የተመለሱም አሉ። በግሎስተርሺር፣ በሴቨርን ወንዝ አጠገብ ያለው የዲርኸርስት ቤተ ክርስቲያን ገንዳ ከኖርማኖች በፊት፣ ምናልባትም በ9ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተቀረጸ ሲሆን፣ መላ አካሉ በተጠማዘዘ ሐረግ ተሸፍኗል። ይህ ድንቅ ሥራ በ19ኛው መቶ ዘመን ሲገኝ በአንድ እርሻ ቤት ማጠቢያ ሆኖ ያገለግል ነበር። ጎድጓዳው ክፍል በ1844 ከዚያ ተነሥቶ ለጊዜው በሌላ አጥቢያ ተቀመጠ፤ እግሩ ኋላ በአካባቢው በሚገኝ የአትክልት ቦታ ተገኘ፤ ሁለቱ ተጋጥመው ዛሬ በዲርኸርስት ቆመዋል። እንግዲህ በእውነት ኖርማኖችን የቀደመ ገንዳ ለማየት የሚሻ አንባቢ የሚሄድበት ቦታ ይህ ነው እንጂ ካንተርበሪ አይደለም። በዚያው ዘመን፣ በ1839 በካምብሪጅ የተቋቋመው የካምደን ማኅበር የመካከለኛውን ዘመን የሕንጻ ሥርዓት ለመመለስ ሲዘምት፣ ገንዳዎች ከየጓሮው ተፈልገው ወደ በሩ አጠገብ እንዲመለሱ ብዙ ጥሯል። ማኅበሩ በቅንዓቱ ያበላሸውም አለ፤ የቆየውን እየፋቀ አዲስ «ጥንታዊ» መሥራት ይወድ ነበር።

የዛሬው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቀኖናም ጥምቀት በሚፈጸምበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ክዳን ያለው የሚገባ ገንዳ እንዲኖር፣ ሌላ ልማድ ወይም የሀገረ ስብከቱ ትእዛዝ ከሌለ በቀርም ወደ ዋናው በር እንዲቀርብ ይደነግጋል። ገንዳን ከቦታው ማንቀሳቀስ የሀገረ ስብከቱን የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን የማነሣው ለጌጥ አይደለም፤ በእንግሊዝ የሚኖሩ ብዙ የእኛ ምእመናን እነዚህን አጥቢያዎች ተውሰው ወይም ተከራይተው ስለሚያገለግሉ፣ «በመሐል መንገድ የቆመውን ድንጋይ ለምን ገለል አያደርጉልንም?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። የአጥቢያው ቄስ ቢወዱ እንኳ በራሳቸው ሥልጣን የሚያደርጉት አይደለም።

የምጠይቃችሁ ጥቂት ነው። በሚቀጥለው እትማችሁ የፎቶግራፉ መግለጫ እንዲታረም፣ የሚታረመውም «በካንተርበሪ የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን የሚገኝ የ12ኛው መቶ ዘመን የክርስትና ገንዳ፤ በአካባቢው ትውፊት ንጉሥ ኤተልበርት እንደ ተጠመቀበት ይነገራል» በሚል እንዲሆን እለምናለሁ። ቦታ ከተረፋችሁም የንግሥት በርታ ስም በመግለጫው ውስጥ ይግባ፤ በዚያ ቤት መጸለይዋን ቤዳ ራሱ ጽፎታልና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከኬንት፣ እንግሊዝ